ስምንት ዶሮ ያለ አውራ፦ የጓሯችን የሥራ ማስታወሻ

ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ምክንያቱ እናቴ ናት። የጻፍኩትን ማታ ማታ አነብላታለሁ፤ «ማርች» ካልኳት ታቋርጠኛለች። የምንኖረው ሲያትል ነው፣ ደቡቡ ክፍል፣ ሬኒየር ቢች። ዓመተ ምሕረቱ 2016 ነው።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ

እናቴ ከቢቸና አካባቢ ጠቅልላ ከመጣች አራተኛ ወሯ ነው። ከመጣች ጀምሮ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ ዝናብ ስታይ ከረመች። ዛሬ ሣር ማጨጃውን ከጋራዥ ሳወጣ አየችኝ። «ይኼን ሁሉ ሣር ታጭዳለህ፣ የሚበላልህ ከብት የለ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሁለት ሦስት ዶሮ እንኳ ቢኖርህ ምናለ?»

«እማዬ፣ ከተማ እኮ ነው፤ ይከለከላል» አልኳት። ዝም ብዬ ነው ያልኩት። አጣርቼ አላውቅም።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ የከተማውን ደንብ ፈልጌ አነበብኩ። ተሳስቻለሁ። ሲያትል ውስጥ በአንድ ግቢ እስከ 8 ዶሮ ማርባት ይቻላል። ድሮ 3 ብቻ ነበር፤ ከፍ ያለው እንደ ፈረንጆቹ በ2010 ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ግን አውራ ዶሮ ተከለከለ። የዶሮው ቤት ከጎረቤት መኖሪያ ቤት ቢያንስ 10 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ያህል፣ መራቅ አለበት። ውሻና ድመት ፈቃድ ይወጣላቸዋል፣ ዶሮ አይወጣላትም። ቤቱም ከ120 ካሬ ጫማ ካልበለጠ የግንባታ ፈቃድ አይጠየቅም።

ያው ደንብ ውስጥ ፍየልም አገኘሁ። እንደ ፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ ይፈቀዳል፤ ድንክ ከሆነች፣ ቀንዷ ከተነሳ፣ ወንድ ከሆነም ከተኮላሸ። ይኼን ለእናቴ ሳነብላት ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «ቀንድ ከሌላት ምኗ ፍየል ነው?»

በአውራው ጉዳይ ግን አልሳቀችም። ያለ አውራ እንቁላል እንደሚጣል ታውቃለች። ጥያቄዋ ሌላ ነበር፤ «ሲያረጁ ማን ይተካቸዋል?»

«ሱቅ።»

ዝም አለች።

የካቲት 18፣ ሰኞ

ወሬው ቤተሰቡን አዳርሷል። የሲያትል ጎረቤት ከተማ ሬንተን ያለችው የአክስቴ ልጅ ደውላ እሷም እንደሚያምራት ነገረችኝ። እሷ ያለችበት ሰፈር ግን የቤት ባለቤቶች ማኅበር አለው። የማኅበሩ ውል ከውሻና ከድመት በስተቀር እንስሳ አያስገባም። ከተማው ቢፈቅድም ቤቱን ስትገዛ የፈረመችው ውል ያስራታል። ለማርባት የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ወረቀት አውጡት። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ አከራያችሁን ጠይቁ።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው እህቴም ብዙ አልተለየችም። «እዚህ መንግሥት ራሱ በሌማት ትሩፋት ዶሮ አርቡ እያለ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን የት ላርባ? ኮሚቴው መቼ ያስተኛኛል?» አለችኝ።

የካቲት 24፣ እሑድ

ሜትር ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ጥሩው ቦታ ከአጥሩ ጥግ ነው። ከሰሜን ነፋስ ይጋረዳል፤ የውኃ ቧንቧውም ቅርብ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው የጎረቤቴ ጋራዥ ነው፤ ከኔ ዶሮ ቤት 6 ጫማ ይርቃል። ደንቡ የሚለው ግን መኖሪያ ቤት ነው። ጋራዥ መኖሪያ አይደለም። የሰውየው ቤት ራሱ ከ40 ጫማ በላይ ይርቃል። ስለዚህ ሕጋዊ ነኝ። ይቺን «ስለዚህ» አስታውሱልኝ፣ ኋላ ዋጋ ታስከፍለኛለች።

ጎረቤትን ማስፈቀድ ግዴታ አይደለም። እናቴ ግን «ሳትነግረው አትጀምር» ብላ ያዘችኝ። ሄድኩ። ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ ይሸታል ወይ፣ አይጥ ያመጣል ወይ፣ አውራ አለው ወይ? አውራ እንደማይኖር በሙሉ አፌ ማልኩለት።

ስመለስ እናቴ ስለ አገሯ ሕግ አወራችኝ። እሷ ሰፈር ዶሮ ስንት ነው ብሎ የቆጠረ የለም። ስንት ጫማ ይራቅ ያለም የለም፤ ማታ ዶሮዎቹ ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ነው የሚያድሩት፣ ከሰው ጋር። ሕጉ ስጥ ላይ ነው። ጎረቤት እህል ካሰጣ ዶሮህን ትጠብቃለህ። ካልጠበቅክ ዶሮዋ በድንጋይ ብትመታ አፍ የለህም። «ከአክስቴ ጋር ሁለት ዓመት የተኳረፍነው በምን ይመስልሃል?» አለችኝ። በአንዲት ዶሮ ነው ለካ።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

ጫጩቶቹ መጡ። ከመኖ ሱቅ ነው የገዛኋቸው፣ ስምንት፤ ሦስት ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ሦስት ነጭና ጥቁር ዝንጉርጉር ፕሊማውዝ ሮክ፣ ሁለት ወርቃማ ኦርፒንግተን። ሻጩ «ሁሉም ቄብ ናቸው» ብሎኛል። ማለትም ገና በአንድ ቀናቸው ተለይተው ሴት የተባሉ።

ጋራዡ ውስጥ ትልቅ ካርቶን አዘጋጅተናል፤ ታችኛው የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። ሰጋቱራ አይሆንም፣ ብናኙ ለሳንባቸው መጥፎ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። በአምፖል የሚያሞቁ አሉ፤ እሳት ስለሚያስነሳ ፈራሁት። ከሥሩ የሚገቡበት የማሞቂያ ሰሌዳ ገዛሁ። እናቴ ሰሌዳውን ገልብጣ አየችው። «እናታቸው ይቺ ናት?»

ልጆቹ ስም አወጡ። ትልቋን ዝንጉርጉር ጫጩት ሶስና አሏት። ለልጆቹ ሁለት ሕግ አውጥቻለሁ፤ ጫጩት አይሳምም፣ ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ጤነኛ የምትመስል ጫጩት ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች። ትንሿ ልጄ አራት ዓመቷ ስለሆነ በዓይኗ ብቻ ነው። አልቅሳለች።

መጋቢት 21 እና 22

ግንባታ ተጀመረ። ማን ይገነባል ብትሉ፣ አናጺ ያልሆነ የአውቶቡስ ሾፌር።

ልኩ 4 ጫማ በ8 ነው። ለአንድ ዶሮ ውስጡ 4 ካሬ ጫማ ይመከራል፤ 4 በ8 ሠላሳ ሁለት፣ ለስምንት ሲካፈል ልክ ይመጣል። ከመሬት ሁለት ጫማ ከፍ አድርጌዋለሁ፣ አይጥ ሥሩ እንዳይመሽግ። አቋሙ ቱ ባይ ፎር (ሁለት በአራት ኢንች የሚባለው እንጨት)፣ ግድግዳው ኮምፔንሳቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ቆርቆሮውን የመረጠችው እናቴ ናት። ዝናቡ ሲመታው እንዲሰማ ነው። ለዶሮዎቹ አስባ አይመስለኝም።

ሁለታችን የተጋጨነው በቆጡ ነው። እኔ ክብ እንጨት ልሰቅል ነበር፣ ያገሬ ቆጥ እንደዚያ ነዋ። የሚመከረው ግን ቱ ባይ ፎር በሰፊው በኩል ተኝቶ ነው። በብርድ ጊዜ ዶሮዋ ጣቶቿ ላይ ተቀምጣ በላባዋ ትሸፍናቸዋለች። እናቴ «ዶሮ አልጋ ተሠራላት» እያለች ለደወለላት ሁሉ ታወራለች።

እኔ ደግሞ የተሳሳትኩት በአየሩ ነው። ብርድ እንዳይገባ ብዬ ዙሪያውን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አይቶ ሳቀብኝ። ዶሮን የሚጎዳት ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱና የኩሱ አሞኒያ ነው። ጣሪያው ሥር በሁለቱም በኩል ረጅም ክፍተት ቆረጥኩና በሽቦ ወንፊት ሸፈንኩት። ግማሽ ቀን በላብኝ።

መጋቢት 28 እና 29

የሽቦው ነገር። የዶሮ ሽቦ ተብሎ የሚሸጠው ስስ ሽቦ ዶሮን እንዳትወጣ ይይዛታል፤ የሚመጣባትን አውሬ አይመልስም። ራኩን የሚባለው የዚህ አገር የሌሊት አውሬ በእጁ ይቀደዋል። ስለዚህ ዓይኑ ግማሽ ኢንች የሆነውን ወፍራሙን ወንፊት ወሰድኩ። ዋጋው ያማል። ጠርዙን መሬት ላይ ወደ ውጭ አንድ ጫማ አንጥፌ አፈር መለስኩበት። የሚቆፍር አውሬ ግድግዳው ሥር ሲጀምር ሽቦ ያገኘዋል፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ መጀመር አያውቅም።

እንቁላል መጣያ ሦስት ሳጥን ሠራሁ። ለስምንት ዶሮ ሁለትም ይበቃ ነበር፤ ሁሉም አንዱ ላይ እንደሚሰለፉ ሰምቻለሁ። መዝጊያው ላይ የተለመደችውን የሽቦ መንጠቆ አደረግኩ።

እስከ ዛሬ ያወጣሁት 640 ዶላር። ባለቤቴ ይኼን መስመር እንዳታነብ።

ሚያዝያ 19፣ ቅዳሜ

ስድስት ሳምንት ሞላቸው፣ ላባ ለበሱ፣ ወደ ውጭ ወጡ። ስምንቱም በር ላይ ቆመው ሣሩን አፈጠጡበት። አንዷ እግሯን አወረደች። ከዚያ ሁሉም።

ሚያዝያ 27፣ እሑድ

የፋሲካው ዶሮ ከሱቅ ነው የመጣው። ልጆቹ ድስቱን ከፍተው ቆጠሩ፣ ከዚያ ጓሮ ወጥተው ቆጠሩ።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

ሰባት ናቸው።

ጠዋት በሩ ተከፍቶ አገኘሁት። ከኦርፒንግተኖቹ አንዷ የለችም፣ ላባዋ አጥሩ ድረስ ተበትኗል። መንጠቆዋ አልተሰበረችም፣ ተነስታ ነው። ራኩን እንደ ሰው በጣቱ ያነሳታል። እናቴ ራኩን የሚባል ነገር አልተቀበለችም። «ሸለምጥማጥ ነው። እዚህ አገር ስለሆነ ነው ስሙ የተለወጠው።»

አሁን መቀርቀሪያው ሁለት ነው፤ አንዱ ተጭኖ የሚሳብ፣ ሌላው ተራራ ወጪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት የብረት ቀለበት። ትልቁ ልጄ ራሱ መክፈት አቅቶታል። ጥሩ ምልክት ነው።

ሰኔ 8፣ ቅዳሜ

ጎረቤቴ አጥር ላይ ጠራኝ። ጋራዡን መኖሪያ ቤት ሊያደርገው ነው፣ ሊያከራየው። ሲያትል እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ሕጉን ካላላው ወዲህ በአንድ ግቢ ሁለት ተጨማሪ መኖሪያ ይፈቀዳል። እሱም ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው።

እንኳን ደስ ያለህ ብዬ ገባሁ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

6 ጫማ። ጋራዥ ሲሆን ጉዳይ የለውም። ሰው ሲገባበት ግን መኖሪያ ነው፣ መኖሪያ ከሆነ ደግሞ 10 ጫማ። የኔ ዶሮ ቤት አንድ ሚስማር ሳይነቃነቅ ካለበት ሕገ ወጥ ሊሆን ነው።

እናቴ «ቀድመን እኛ ሠርተን!» አለች። እሷ አገር ይኼ ክርክር ሽማግሌ ፊት ያሸንፍ ይሆናል። እኔም ቀደምኩ ብዬ ልከራከር አስቤ ነበር። ግን ምን አገኛለሁ? ብረታም ሰውየው ጎረቤቴ ነው፣ ብሸነፍም ያው። አራት ጫማ ነው የጎደለኝ። ቤቱን ማንቀሳቀስ ይቀላል።

ይቀላል ያልኩት ዛሬ ነው፣ ሳልሞክረው።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ከንጋቱ 10 ሰዓት ተኩል፣ በነሱ አራት ተኩል። ሶስና ጮኸች።

መጀመሪያ ሕልም መሰለኝ። ሁለተኛው ላይ ተነሳሁ። የተሰበረ፣ ጎረምሳ ድምፅ ነው፣ ግን ኩኩሉ ነው፣ ጥርጥር የለውም። ሮጬ ስወርድ እናቴ በጋቢዋ ተጠቅልላ የጓሮው በር ላይ ቆማለች። ፊቷን ብታዩት።

«አወቅሽ?» አልኳት።

«በሰባት ሳምንቱ ነው ያወቅሁት። አናቱ ቀላ፣ እግሩ ወፈረ፣ ነጩ ከጥቁሩ በለጠ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አሁን ሒሳብ ሠራሁ። ጫጩት ሲለይ 90 በመቶ ያህል ነው ልክ የሚሆነው። ጥሩ ይመስላል። ስምንት ስትገዛ ግን ስምንቱም ሴት የመሆናቸው ዕድል 43 በመቶ ነው። ከግማሽ በታች! ከመጀመሪያው አውራ የሚወሰድበት ቦታ ማዘጋጀት ነበረብኝ። ሌላው መላ ከላባቸው ቀለም የሚለዩትን መግዛት ነው። አገር ቤት የሚታወቀው ቦቫንስ ብራውን እንደዚያ ነው፤ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ሆኖ ይፈለፈላል።

ማታ ጎረቤቴ በትሕትና ጠየቀኝ። አውራ አይኖርም ብዬ የማልኩበት አፌ ተሳሰረ። እስከ እሑድ ጊዜ ስጠኝ አልኩት። እስከዚያ ማታ ማታ በጨለማ ሳጥን ጋራዥ ውስጥ ያድራል። ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ይታረድ ያለ የለም? ባለቤቴ ብላ ነበር። ግን የሐዋርያት ጾም ከገባ አራተኛ ቀኑ ነው። ሶስናን ጾሙ አተረፈው።

ሰኔ 23፣ እሑድ

ኢነምክሎ አካባቢ መሬት ያለው ጓደኛ አለኝ። ከኛ ቤት አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የሬኒየር ተራራ ከፊት ለፊት እየቀረበ የሚሄድበት መንገድ። እናቴ ሳጥኑን ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች። ሌላ ጊዜ መኪና ውስጥ ታንቀላፋለች፤ ዛሬ ዓይኗን አልከደነችም። ላም አየች፣ ድርቆሽ አየች፣ የፍግ ሽታ ሲመጣ መስኮት አስከፈተችኝ።

ጓደኛዬ ያለው ከከተማ ክልል ውጭ፣ ካውንቲው በሚያስተዳድረው ገጠር ነው። እዚያ ስምንት የሚል ነገር የለም። አውራም ይጮሃል፣ የሚሰማው ሌላ አውራ ነው። ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም። በግቢው ጅረት ያልፋል፣ ጅረቱ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ወዳለበት ወንዝ ይገባል። ፍግ የት እንደሚከመር፣ ከውኃው ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠየቃል። የኔ ከተማ የሚቆጣጠረው ድምፅና ርቀት ነው፣ የሱ ካውንቲ ውኃ። እናቴ ሰፈር ደግሞ ስጥ።

ሶስና ሲለቀቅ ዶሮዎቹ ከበቡት። አሮጌው አውራ ቀና ብሎ አየው፣ ከዚያ አባረረው። እናቴ «ይለምዳል» አለች። ስንመለስ ብዙ አላወራችም።

ስድስት ናቸው አሁን።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ጾሙ ትናንት ስለተፈታ ጥብስ አለ ብዬ አራት ሰው ጠራሁ። ጥብስ ባይኖር ማንም አይመጣም ነበር።

ቤቱ ምን ያህል እንደሚከብድ የገባን ስናነሳው ነው። አልተነሳም። የመኪና ክሪክ አምጥተን በአንድ ጥግ ከፍ አደረግነው፤ ከሥሩ ጣውላ፣ ከጣውላው ላይ የፕላስቲክ ቧንቧ እንደ ተሽከርካሪ። ሌላውን ጥግ እንዲሁ። ከዚያ መግፋት፤ የኋላው ቧንቧ ሲለቀቅ እየሮጡ ወደ ፊት ማምጣት። አራት ጫማ ከምናምን ለመሄድ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። አንዱ ቧንቧ ፈነዳ፣ አንዱ ጓደኛዬ ጣቱ ተጨፈለቀ፣ የበሩ ማጠፊያ ተጣመመ። መሬት ላይ ያነጠፍኩት ሽቦ ተነቅሎ እንደ አዲስ ተቀበረ። መጨረሻ ላይ ሜትሩን ከጋራዡ ግድግዳ ዘረጋነው፤ 10 ጫማ ከ4 ኢንች። ጎረቤቴም አጥር ላይ ሆኖ የሜትሩን ጫፍ ይዞልን ነበር።

እንደገና ብሠራው ከሥሩ እንደ ሸርተቴ የሚጎተት ሁለት ወፍራም እንጨት አደርግለታለሁ። ከዚያም በላይ፣ ማዶ ያለው ጋራዥ ነው፣ ዕቃ ቤት ነው ብዬ ሳልከፋፍል ገና ከመጀመሪያው 10 ጫማ እርቃለሁ። ደንቡን ዛሬ ባለው ግንብ ብቻ ነው ያነበብኩት። ግንብ ይለወጣል።

ያላሰብኩት የመጣው ሲመሽ ነው። ዶሮዎቹ አዲሱን ቦታ አልሄዱም። ስድስቱም ቤቱ በፊት በነበረበት ባዶ አፈር ላይ ተደርድረው ተኙ። ቤታቸው አራት ጫማ ያህል እልፍ ብሎ ይታያል፣ እነሱ ቦታውን እንጂ ቤቱን አያውቁትም። እናቴ አንድ በአንድ እያቀፈች ቆጥ ላይ አስቀመጠቻቸው። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ማታ አራቱ ራሳቸው ገቡ።

ነሐሴ 5፣ እሑድ

እንቁላል!

ትንሽ፣ ቡናማ፣ ሙቅ። ሃያ አንድ ሳምንታቸው ነው። ልጆቹ ጮሁ፣ እኔም ጮህኩ። እናቴ እንቁላሉን ብርሃን ላይ አየችው፣ መሐረቧ ላይ አስቀመጠችውና «ፍልሰታ ነው» አለች። አምስተኛ ቀን። እስከ ነሐሴ 16 የሚበላው የለም፤ ልጆቹ እንኳ ከአያታቸው ጋር እንጾማለን ብለው ቃል ገብተዋል።

እና መጣል ቀጠሉ። በሳምንት ውስጥ አሥራ አምስት ሆነ። ለጎረቤቴ አንድ ካርቶን ይዤለት ሄድኩ፣ ለጩኸቱም ለሜትሩም። አመሰገነኝና መለሰልኝ። ሰውየው ከእንስሳ የሚገኝ ነገር አይበላም፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ማር እንኳ። ለእናቴ ተረጎምኩላት።

«ዓመቱን ሙሉ?» አለች።

«ዓመቱን ሙሉ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውን በአክብሮት ነው የምታየው። የጾም በያይነቱ ሠርታ በሣህን ላከችለት። ሣህኑ ታጥቦ ተመለሰ፣ ከላዩ ቲማቲም።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

2017 ገብቷል። መስከረምን ሙሉ በቀን አምስት እንቁላል አገኘን፤ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ወጥ የገባው ሁሉ የኛው ነው።

ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነው። የወፍ ጉንፋን እኛ ያለንበት ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ገብቷል። ባለፈው ወር ፍራንክሊን ካውንቲ ውስጥ በአንድ ትልቅ የእንቁላል እርባታ ተገኘና ዶሮዎቹ እንዲወገዱ ተደረገ፣ ሠራተኞችም ተያዙ። ቫይረሱን የሚያመጡት በአብዛኛው የዱር ዳክዬና ዝይ ናቸው፣ እኛ ደግሞ ሐይቁ አጠገብ ነን። የሚሰጠው ምክር ቀላል ነው፤ መኖና ውኃ የዱር ወፍ በማይደርስበት ይሁን፣ ለዶሮ ቤት የራሱ ጫማ ይኑር፣ ዶሮ በድንገት ከሞተ በባዶ እጅ አይነካ፣ ለግዛቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ይደወል። መሮጫቸውን ላዩን በላስቲክ ሸፈንኩ። በር ላይ አንድ ጥንድ ቦቲ ጫማ አለ፣ ከዚያ አያልፍም።

እናቴን ማሳመን አላስፈለገኝም። ፈንግልን ታውቀዋለች። አንድ ክረምት ማታ አሥራ ሁለት ዶሮ ቆጥ ላይ አስተኝታ ጠዋት ሦስት እንዳገኘች ነገረችኝ። ስትነግረኝ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። አሁን ቦቲውን ያላደረገ ሰው ብትመለከት ቁጣዋ ከመሥሪያ ቤቱ ይብሳል።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

የዓመቱ አጭር ቀን። ሲያትል ዛሬ ፀሐይ የቆየችው ስምንት ሰዓት ተኩል አይሞላም። ዶሮ በደንብ ለመጣል አሥራ አራት ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች። ከስድስቱ የምትጥለው አንዷ ናት፣ እሷም በሦስት ቀን አንዴ። አምፖል ሰዓት አስሮ ማብራት ይቻላል፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። እናቴ ከለከለች። «እኛ ጾም ላይ ነን፣ እነሱም ይረፉ።»

ጋራዡ ቤት ሆኗል። ተከራይ ገብቶበታል፤ የሌሊት ሥራ ስላለው ቀን ነው የሚተኛው። አውራ ቢኖር ኖሮ ብዬ አሰብኩና ተውኩት።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ገና ከነገ ወዲያ ነው። ለዶሮ ወጡ አሥራ ሁለት እንቁላል ያስፈልጋል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው አራት ነው።

ኢነምክሎ ደወልኩ። «የኔዎቹም ቆመዋል» አለኝ ጓደኛዬ። «ሶስና ግን አለልህ፣ ጎርምሷል፣ አሮጌውን አሸንፎ ግቢውን ይዞታል። ለበዓሉ ላምጣልህ?» ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር። ልጆቹ እናቴን አዩ፣ እናቴ እኔን አየች።

«አይሆንም በለው» አለች። «እንኳን አደረሰህ ብለህ ዝጋ።»

ስለዚህ ሱቅ ሄድኩ፣ ዶሮም እንቁላልም ልገዛ። የእንቁላሉ መደርደሪያ ግማሹ ባዶ ነው። በዚህ ግዛት ሕግ ሱቅ የሚሸጠው እንቁላል ከጠባብ ሽቦ ሳጥን ውጭ ካደጉ ዶሮዎች መሆን አለበት፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ደርዘኑን ሰባት ዶላር ከፍዬ ገባሁ። እናቴ ካርቶኑን ከፈተች፣ አንዱን አንስታ ብርሃን ላይ አየችው፣ መለሰችው። ከዚያ በመስኮት ወደ ጓሮው ተመለከተች። ስድስቱም በዝናቡ ቆርቆሮ ሥር ተደርድረው ቆመዋል።

«መኖ ሰጥተሃቸዋል?» አለችኝ።